የኮልፌ እጅ በአናናስ እርሻ

ኮልፌ ገበያ ምርቃት የማይሰጥ ነጋዴ ደንበኛ አያፈራም። እናቴ ጨው ቸርቻሪ ነበረች። በጣሳ ሰፍራ፣ አፉን በመዳፏ ደልድላ ገዢዋ ዘንቢል ውስጥ ከገለበጠች በኋላ፣ ተመልሳ ከክምሩ በሦስት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። ምርቃት ማለት ያቺ ቁንጥር ናት። ገዢም እሷን ሳይቀበል ንቅንቅ አይልም፤ እናቴም ሳትጨምር ብትቀር እንቅልፍ የሚወስዳት አይመስለኝም። "ጣሳው የገንዘቡ ነው፤ ቁንጥሯ ግን የእኔ ናት" ትል ነበር። እኔም እሷ ጎን ቁጭ ብዬ ስላደግሁ እጄ ይህን የተማረው አፌ በቅጡ ሳይፈታ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈር ልጆች፣ በሥራ ዘመንዎ ምን ነበሩ እያሉ ይጠይቁኛል። አናናስ አዳባሪ ነበርኩ ስላቸው ይስቃሉ። ለእነሱ አናናስ ጁስ ቤት የሚበቅል ነገር ነው። የኮልፌን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚህ ተወልዶ የአናናስ ባለሙያ መሆን ዓሣ ሳያዩ መረብ እንደ መሥራት ይመስላል፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ግን ሳልናገረው ብቀር ይቆጨኛል፤ በተለይ የአንድ ሰው ነገር።

የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የእናቴ ዓይን ሞራ ይለብስ ጀመር። ጣሳው መሙላቱን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር የምታውቀው። የልጄ የአልማዝ አባት ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ቤታችን እንግዲህ አንዲት ዓይነ ደካማ፣ አንዲት ሕፃንና እኔ ነበርን። እኔ ደግሞ ከሰው ቤት ልብስ ከማጠብ በቀር የያዝኩት ሥራ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ቀጠን ያሉ ሰውዬ ገበያው ላይ ቆመው የሴቶቹን እጅ ይመለከታሉ። እህል ሰፋሪዋን ያያሉ፣ በርበሬ ቸርቻሪዋን ያያሉ፣ እኛ ዘንድ መጥተው ቁጢጥ አሉና ጨው ገዙ። እናቴ የእግራቸውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለሰማችው፣ ሰውዬው ሌባ ነው፣ ከረጢቱን ያዢ ብላ አንሾካሾከችልኝ። እሳቸው ሰምተው ኖሮ ሳቁ። ስማቸው ሽብሩ፣ አገራቸው ጉራጌ፣ ቤታቸው ሳንሱሲ፣ ሥራቸው ደግሞ ቆላ ውስጥ፣ አዋሽ ዳር ባለ የመስኖ እርሻ ካቦ መሆኑን ነገሩን። የፈለጉት ሴት ሠራተኛ ነበር። ወንዶቹ፣ አሉ፣ አናናሱን እንደ ድንች ይተክሉታል፤ ማዳበሪያውንም እንደ አፈር ይበትኑታል።

"እኔ የምፈልገው ጨው የሚመጥን እጅ ነው" አሉ።

እናቴ ቆላ የሚለውን ስትሰማ ወባ ታያት። ልጄን ለንዳድ አልሰጥም አለች። ጋሽ ሽብሩ ብዙ አልተከራከሩም። የምወስዳት እኔ ነኝ፣ የምመልሳትም እኔ ነኝ፣ በርሽ ድረስ ነው የማመጣት አሏት። እናቴ ፊታቸውን በደንብ ማየት ስለማትችል እጅዎን ይስጡኝ አለችና መዳፋቸውን ዳበሰችው። ከዚያ ሂጂ አለችኝ። ከእነዚያ ጣቶች ምን እንዳነበበች እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሄድነው በጭነት መኪና ነው። አብዛኞቻችን የገበያ ልጆች ነበርን፤ አንዷ ግን ማርታ የምትባል፣ ክሊኒክ ጽዳት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ማርታ ጴንጤ ነበረች። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸው በየሰው ቤት ድምፅ ቀንሰው ይዘምሩ የነበረበት ጊዜ ነው። መኪናው ላይ ስታንጎራጉር እኛ ቅዳሴ ያልተማርን ሁሉ ድንገት መምህራን ሆነን እንተርባት ነበር። እሷ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። ቆላው ሲቀበለን መጀመሪያ የመታኝ የሙቀቱ ድምፅ ነው፤ የቆርቆሮው ቤት ቀኑን ሙሉ ይንቋቋል። ደመወዛችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ነበር፤ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እንፈርማለን፣ ከዚያም ግማሹን ኮልፌ በሚመላለሰው ሾፌር እንልካለን።

ጋሽ ሽብሩ ሲያስተምሩ አይናገሩም ማለት ይቻላል። ይሠሩታል፣ ቀና ብለው ያዩሻል፣ ትሠሪዋለሽ። አናናስ ዘር የለውም፤ የሚተከለው ከእናቲቱ ጎን የሚወጣው ቡቃያ ነው። ቡቃያውን ገንጥለን ወዲያው አንተክለውም። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ በጥላ ዳር ተዘቅዝቆ ይሰነብታል፤ እርጥብ ቁስል አፈር ሲነካ ይበሰብሳላ። ከዚያ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ እንለያለን። ትንሹ ከትልቅ ጋር ከተተከለ ውሃውንም ብርሃኑንም ይነጠቃል፤ ፍሬውም ሌላ ቀን እየደረሰ ለቃሚውን ያመላልሳል።

ዋናው ግን ርቀቱ ነበር። ጋሽ ሽብሩ በየአንድ ስንዝር ተኩሉ የተቋጠረ ገመድ አላቸው። ያንን መደቡ ላይ ወጥረን በየቋጠሮው አንድ ቡቃያ እንተክላለን። ከጎኑ በአንድ ክንድ ርቀት ሌላ ረድፍ ይሄዳል፤ የሁለተኛው ረድፍ ተክል የሚገባው ግን በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ ነው፤ ፊት ለፊት አይፋጠጡም። ሁለቱ ረድፎች ጥንድ ይሆናሉ። ከጥንዱ ቀጥሎ ሰው የሚያልፍበትና ቦይ የሚወርድበት ሰፊ መንገድ ይተዋል። እኔ መጀመሪያ ሳየው አዘንኩ። ይህ ሁሉ ሜዳ እያለ ለምን እንዲህ አፍነን እንተክላለን አልኳቸው።

እሳቸውም አንድ ጊዜ እንደዚሁ አዝነው ነበር። የእርሻው ባለሙያ አቶ ፋሲል፣ ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ እርሻው አጠገብ ባለች ከተማ ቤርጎ ውስጥ አልጋ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት፣ አስጠግተው ይትከሉ ሲሏቸው ጋሽ ሽብሩ እንቢ ብለው ነበር። እንሰት ሲተከል አይተው ነዋ ያደጉት፤ እንሰት ካልተራራቀ አይወፍርም። አቶ ፋሲልም አልተቆጡም፤ አንድ መደብ በእርስዎ፣ አንድ መደብ በእኔ ይሁንና እንየው አሏቸው። የጋሽ ሽብሩ መደብ አፈሩ ባዶውን ፀሐይ እየላሰው ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። ፍሬው ሲከብድ ግንዱ የሚደገፍበት ስላጣ ወደ ጎን ጋደም አለ፤ ወደ ላይ የዞረው ጉንጩም ተቀቀለ። በአቶ ፋሲል መደብ ላይ ግን ቅጠል ከቅጠል ተቃቅፎ አፈሩን አጥልቶታል፣ ፍሬውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሽ ሽብሩ ይህን በራሳቸው ላይ እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። "እንሰት ብቻውን ይከብራል፤ አናናስ ግን ያለ ጎረቤት በቆላ አይቆምም" ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የጠርሙስ ቆርኪዎች በሽቦ ሰክተው ወገባቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሲሄዱ ይንቃጨላል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አቶ ፋሲልን ብንጠይቃቸው ነገሩን፤ ያረፈ ሠራተኛ ድንገት እንዳይደርሱበት ነው። ሰው ሲያርፍ መያዝ ነውር ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቅጭልጭሉ ከሩቅ ሲሰማ ተነስተን ገመዳችንን እንይዛለን፣ እሳቸውም ስንሠራ ያገኙናል፣ ሁላችንም ክብራችንን ጠብቀን እንውላለን። አመስግነው ግን አያውቁም። ሥራሽ ልክ ሲሆን ትንሽ ቆም ብለው "ይሁን" ይላሉ፤ ያቺን "ይሁን" ለማግኘት ሳምንት የምትለፋ ሴት ነበረች።

ቡቃያው ሥር ይዞ አዲስ ቅጠል ሲጥል የማዳበሪያው ቀን ደረሰ። ዩሪያ የሚሉት ነው፤ ነጭ፣ ፍሬ ፍሬ፣ ለዓይን ቁርጥ ጨው። እንጨት ጫፍ ላይ ቆርኪ በሚስማር ተመትቶ ለእያንዳንዳችን ተሰጠን። የአናናስ ቅጠል ዳርና ዳሩ መጋዝ ስለሆነ ከጆንያ የሰፋነውን እጅጌ እስከ ብብታችን አጠለቅን። ማዳበሪያው የሚገባው ከታች ባሉት ያረጁ ቅጠሎች ብብት ውስጥ ነው፤ መካከል ያለው ልብ ላይ አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ተክሉን ታቃጥለዋለች። አቶ ፋሲል መጥተው መጠኑን ነገሩን። ልሙጥ ቆርኪ፣ አፉ የተደለደለ፣ ለአንድ ተክል አንድ። ጋሽ ሽብሩም ደገሙት። እኛም ሰማን።

በማለዳ ገባን። ወንዶቹ በግማሽ ቀን ይበትኑት የነበረውን እኛ ስናጣጥም ዋልን። ልቡን የነካች አንዲት ሴት አልነበረችም። እየተሳሳቅን፣ እየተተራረብን ከጫፍ ጫፍ አዳረስነው። ማርታ ከሁላችን ወደ ኋላ ቀርታ ቆርኪዋን በጣቷ እየደለደለች ስትሠራ አንዷ፣ ጴንጤዎቹ ከጸሎቱ ጋር ስስቱንም ተምረዋል ብላ ተረበቻት። ማርታ ቀና አለችና "መድኃኒት ምርቃት አለው እንዴ?" ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ያን ጊዜ ነገሩ ከጆሯችን አላለፈም።

ሳምንት ሳይሞላ የቅጠሎቹ ጫፍ ገረጣ። ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ከብብቱ ጀምሮ ተቃጠለ። በተለይ ከቦዩ ርቆ ውሃ እየደከመ በሚደርስበት በታችኛው ማሳ ተክሉ እሳት የላሰው መሰለ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ጠዋት ግን በእጄ የተከልኩት መደብ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለአናናሱ ብቻ አይደለም። ይህ ሥራ ከቀረ እናቴና አልማዝ ምን እንደሚበሉ አላውቅም ነበር።

አቶ ፋሲል ከቤርጎው ተጠርተው መጡ። ውሃውን ቀመሱ፣ አፈሩን አዩ፣ ቆርኪዎቹን አስመጥተው መዘኑ። ልክ ነው። ከጆንያው ዩሪያ መዘኑ። ልክ ነው። ጋሽ ሽብሩ በዚህ መካከል በመደቦቹ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። በተቃጠለው ማሳ መካከል አንድ ጥንድ ረድፍ ለምለም ሆኖ ቆሟል። የማን ነው ብለው ጠየቁ። የማርታ ነው። ማርታን ጠርተው ምን አደረግሽ አሏት፤ እንደተባልኩት አለች። ሌሎቹስ ሲሏት አንገቷን ደፋች። አልጠየቋትም ደግመው። ወደ እኔ ዞረው ቆርኪ የተመታበትን እንጨት ሰጡኝና እንደዚያ ቀን አድርገሽ አሳዪኝ አሉኝ።

አሳየኋቸው። ቆርኪውን ሞላሁ፣ ደለደልኩ፣ ቅጠሉ ብብት ውስጥ ገለበጥኩ። ከዚያ ሦስት ጣቶቼ ራሳቸው ወደ ከረጢቱ ተመለሱና ቆንጠር አድርገው ጨመሩ። እኔ አላዘዝኳቸውም። አቶ ፋሲል ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ምርቃት ነዋ" አልኳቸው።

የሚያውቁት መስሎኝ ነበር የተናገርኩት። ሌላዋን አሳዪ አሏት፤ እሷም ጨመረች። ሦስተኛዋም። የደለደልነውን ሰጥቶ ዝም ማለት ለእጃችን ነውር ነበር፤ ሰፍሮ ባዶ እጅ መመለስ የስግብግብ ሥራ ነውና ለተክሉም አዘንለት። አቶ ፋሲል የቦዩ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። የሚቆጡን መስሎን ስንጠብቅ፣ "እናቴም እኮ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ይህን እንዴት አላሰብኩም" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደረቅ አገር ላይ ዝናብ መጥቶ የሚያጥብልሽ የለም፣ ያበዛሽው ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ያቃጥላል ብለው አስረዱን።

ወዲያው ውሃ ተለቀቀ። ቦይ ብቻ አይበቃም ስለተባለ እያንዳንዷን የቅጠል ብብት በጣሳ ውሃ ማጠብ ጀመርን። ሰዓት አልጠየቅንም። ጀርባችን እስኪነቀል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ሲነጋ ደግሞ እንደገና። ጋሽ ሽብሩም ጣሳ ይዘው ከእኛ ጋር ነበሩ፤ በእነዚያ ቀናት ቆርኪዎቻቸውን ከወገባቸው ፈትተው ነበር። የላይኛው ማሳ ልቡ ተረፈ። የታችኛው ግን አልሆነም፤ ልቡን ስንስበው ሽታ ይዞ በእጃችን እየመጣ ቀረ። ነቅለን ክምር አደረግነው።

ባለቤቱ፣ እኛ ጌታው የምንላቸው፣ ከአዲስ አበባ በመኪናቸው የደረሱት ክምሩ ገና ሳይነሳ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም ማለት እፈልጋለሁ፤ ገንዘባቸው ተቃጥሏል። ክምሩን አይተው ጋሽ ሽብሩን ጠሩ። ሴት ካላመጣሁ ያልክ አንተ ነህ አሏቸው። ጋሽ ሽብሩ፣ አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ አሉ። አቶ ፋሲል መሬቱ እንደሚያገግም፣ ጥፋቱ የሽብሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ ራሳቸውም ማየት ሲገባቸው እንዳላዩ ተናገሩ። ጌታው ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። ከሴቶቹ ግማሾቹ ዛሬውኑ ይሄዳሉ፤ የቀረው ማሳ በሚቀጥለው ማዳበሪያ ደግሞ ከተቃጠለ ሽብሩም የቀሩትም ይከተላሉ።

ጋሽ ሽብሩ ማን ይሂድ ብለው መምረጥ አልቻሉም። ቆርቆሮው ቤት ገብተን እኛው እንድንነጋገር ተዉን። ቤቷ ደሞዝ የሚያገባ ሰው ያላት አንድ አንድ እያለች ተነሳች። እያንዳንዷ ስትነሳ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በመጨረሻ ግማሹ እንዲሞላ አንድ ሰው ጎደለ። ያኔ ማርታ ተነስታ ጓዟን መሸከፍ ጀመረች። አንቺማ ምን አጠፋሽ፣ የአንቺ ረድፍ ለምለም ነው ብዬ ክንዷን ያዝኳት።

"ክሊኒኩ ይመልሰኛል" አለችኝ። "የአንቺ እናት አታይም። እኔ ስሄድ ረድፌን አንቺ ያዥልኝ።"

እንግዲህ ስስታም ብለን የተረብናት ልጅ ናት ይህን ያደረገችው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ከዚያ በፊትም በኋላም አላፈርኩም፤ የወደድኳትንም ያህል።

መኪናው ሲነሳ ጋሽ ሽብሩ ዘለው ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ወጡ። ከሾፌሩ ጎን ባዶ ቦታ ነበር። እያንዳንዷን ኮልፌ በሯ ድረስ አድርሰው፣ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ለቤተሰቧ በራሳቸው አፍ እንደተናገሩ ማርታ ከዓመታት በኋላ ነገረችኝ። አንድ አባት በሩን አልከፍትም ብሎ እስኪመሽ ደጁ ላይ ቆመው ነበር አለችኝ።

ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ነው። እናቴ ዘንድ ሄደው ሁሉን ነግረዋት፣ እስቲ ቁንጠሪልኝ አሏት። ቆነጠረች። ድገሚ አሏት። ደገመች። እየደጋገሙ አስቆንጥረው አዩት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ቁንጥሯ ግን ከቁንጥሯ አይበልጥም፣ አያንስም። ያንን አቶ ፋሲል ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ በዩሪያም ከእኛ ጣት ጋር አስተያዩት። ሁለተኛው ደግሞ አስኮ ሰፈር ያለ ቀጥቃጭ ከትልቅ እስከ ትንሽ በየልኩ ጠፍጥፎ ያሳነሳቸው ቆርኪዎች ናቸው። የማዳበሪያው ቀን ሲደርስ ከመካከላቸው አቶ ፋሲል ልኩ ይህ ነው ያሉትን እንጨታችን ላይ መቱልን። እኔ ቆርኪውን በጣቴ ዳስሼ ይህ እኮ ይጎድላል አልኳቸው።

"ይጉደል" አሉ። "እጃችሁን ከምርቃት ልከለክለው አልችልም፤ ብከለክለውም ጀርባዬን ሳዞር ይጨምራል። ስለዚህ ጨምሩ። እኔ ቦታውን ትቼለታለሁ።"

አቶ ፋሲል አጠገባቸው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። መጠኑን ያሰሉት እሳቸው ናቸው፤ የእናቴን ቁንጥር ከአንድ ልሙጥ ቆርኪ ላይ ቀንሰውታል። እኛም ሞላን፣ ደለደልን፣ ገለበጥን፣ ቆነጠርን። በማርታ ረድፍ ላይ ስደርስ ቆርኪዬን ሁለት ጊዜ ደለደልኩ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልናገርም። በየማለዳው ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ የቅጠሎቹን ጫፍ አያለሁ። አረንጓዴ ናቸው። በነጋታውም አረንጓዴ ናቸው። አንድ ጠዋት ከኋላዬ ቅጭልጭል ሰማሁ፤ ጋሽ ሽብሩ ቆርኪዎቻቸውን መልሰው ወገባቸው ላይ አስረዋል። አጠገቤ ቆመው ማሳውን እስከ ጫፉ አዩና "ይሁን" አሉ።

ከዚያ ወዲህ አናናሱ ሌላም መከራ አሳይቶናል። ውሃው ኖራነት ስላለበት ቅጠሉ ሲገረጣ የብረት ጨው በጥብጠን እንረጭ ነበር። ቢሆንም ደረሰ። ፍሬው ቅጠል ለቅጠል ተደጋግፎ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጌታው መጡ፤ በመደቦቹ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው፣ የሄዱትን ሴቶች አምጣቸው አሉ። የመጡ አሉ፣ ያልመጡም አሉ። ማርታ አልመጣችም፤ ክሊኒኩ እውነትም መልሷት ነበር። ለእናቴ አንድ ፍሬ ይዤላት ሄድኩ። ቆርጬ ሳቀምሳት ጨው መልሶ ይህን ይሰጣል እንዴ ብላ ተገረመች። ዩሪያ ጨው አለመሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም።

ለውጡ መጣና እርሻው የመንግሥት ሆነ። ጌታው የት እንደገቡ አላውቅም። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ አንዱ መፈክር ያውቃል፣ አንዱ ውሃ ያውቃል። አቶ ፋሲል ወደ ሌላ እርሻ ሲዛወሩ እኔንም አስዛወሩኝ። ጋሽ ሽብሩ ጡረታ ሲወጡ የተቋጠረውን ገመድ ለእኔ ሰጡኝ፣ ካቦ ሆንኩ። አናናሱ አንድ ላይ እንዲያብብ ልቡ ላይ የካርባይድ ውሃ ጠብ ማድረግን፣ ሌላም ብዙ ነገር ተማርኩ። በሄድኩበት ሁሉ አዲስ ሠራተኞች ሲመጡ መጀመሪያ የማየው እጃቸውን ነው። ልሙጥ ሰጥተው የሚያቆሙትን ሙሉ ቆርኪ፣ የሚመርቁትን የተጠፈጠፈ ቆርኪ እሰጣቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነግራቸውም።

ጋሽ ሽብሩ አልጋ ላይ ሲውሉ ሳንሱሲ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ማርታም ከክሊኒኩ ስትወጣ እየመጣች ታስታምማቸዋለች፤ ያን ጊዜ እሷ ነርስ ሆናለች። ሳላቸውን የሚያስታግስ ፈሳሽ መድኃኒት ታዞላቸው ነበር። የጠርሙሱ ክዳን መስመር አለው፣ እስከ መስመሩ ነው የሚወስዱት። ከመስመሩ አንዲት ጠብታ እንዳታልፊ ብላ ማርታ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ሰውነታቸው አልቆ ነበርና ፈራችላቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ይዤ እቀዳለሁ። ማርታ ከትራሳቸው በስተኋላ ቆማ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም። ቀድቼ አቆምኩና ጠርሙሱን ቀና አደረግሁ። ጋሽ ሽብሩ በተደፈነ ድምፅ ስሜን ጠሩ።

"ዘነቡ፣ ምርቃቱስ?"

ማርታ አፏን ከፈተች። እኔ ጠርሙሱን መልሼ ዘንበል አደረግሁና አንዲት ጠብታ ጨመርኩ። ማርታ ጎንበስ ብላ ክዳኑን አየችው። መድኃኒቱ ልክ መስመሩ ላይ ነው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ጥርሷ ግን ይስቃል።

"ቦታውን ትተሽለት ነበር?" አሉኝ።

"ትቼለት ነበር" አልኳቸው።

አንገታቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ጨርሰው ዋጡና ዓይናቸውን እንደጨፈኑ "ይሁን" አሉ።